የስፌት መኪናው ድምፅ

ታናሿ ውጭ አገር ተምራ በተመለሰች ማግስት፣ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ገና የስፌት መኪናዋን መርገጫ ስትነካ እናቷ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ኧረ ተይ፣ ልጄ ደክሟት ተኝታለች።»

ልጄ። እሷስ የጎረቤት ናት? ስንቴ ትኩሳት ይዟት ስትሰፋ «አረፍ በይ» ያላት ሰው አልነበረም። ቅናት አንጀቷን እያሳረራት፣ ያልተዘመዘመውን ቀሚስ ከመኪናው ስባ ጭኗ ላይ አደረገች።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ታናሿ ዓይኗን እያሻሸች፣ «እትዬ፣ ምነው አቆምሽ? እዚያ ሳለሁ እኮ ያለ መኪናሽ ድምፅ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ስገላበጥ ነበር የማድረው» አለቻት።

የታላቅየዋ ልብ ሊራራ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እናትየው ግን ቀደሙ።

«ሰማሽ? በይ ስፊ እንጂ፣ እህትሽ ትተኛ።»