ውሃ ጠጣ ማለት ያቃተኝ ለት

ታላቅ ወንድሜ ቆቦ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። የባጃጅ ሰዎች ውሃ ይፈራሉ፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ሲሄዱ ተራቸው ያልፋቸዋል። እሱም ጠዋት አንድ ሻይ ከጠጣ እስከ ማታ ከንፈሩን አያረጥብም ነበር።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እየዋለ ቦርጩ ገፋ። ሐኪም ክብደት ቀንስ ቢለው ወደ እኔ መጣ፤ የስፖርት አስተማሪ ነኝና። ዕድሜዬን ሙሉ ምክር ጠይቆኝ አያውቅም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ሆንኩ።

«ጋሼ፣ ላብህ በወጣ ቁጥር ስብህ ይቀልጣል። ሁለት ጃኬት ደርበህ ሩጥ» አልኩት።

ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ሌላ ነው። አርፎ የተቀመጠ ሰው ጥማቱን ለጊዜው ይችለው ይሆናል። ውሃ ያጣ ሯጭ ግን ስቡን ትቶ ጡንቻው ያስቀመጠውን ስኳር ቶሎ ይጨርሳል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ነገር ግን «ውሃ ጠጣ» ማለት ከአስተማሪ የማይጠበቅ ተራ ምክር መሰለኝ።

ግንቦት ነበር። የመጀመሪያው እሁድ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ሮጦ ተመለሰና ገበያ ውስጥ የማሽላ ሚዛን ላይ ወጣ። ሁለት ኪሎ ቀንሷል። የጎደለው ውሃ እንደሆነ አልነገርኩትም። እሱ ግን ኪሎው እንዳይመለስበት ብሎ ጭራሽ መጠጣቱን ተወ። ሽንቱ ቡና መምሰሉን እየቀለደ ሲነግረኝ አብሬው ሳቅሁ። የውሃ እጥረት ምልክት መሆኑን ግን አውቅ ነበር።

በሦስተኛው እሁድ ሳይመለስ ረፈደ። ስፈልገው ከመንገዱ ዳር ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ላቡ ቆሟል፤ ግንባሩ ደርቆ ይፋጃል። ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ መጣህ?» አለኝ። አባታችን ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ያለፈ ባጃጅ አስቁሜ ሆስፒታል አደረስኩት።

ማታ ነፍሱ መለስ አለች። ሐኪሙ ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ይዳን አይዳን ገና አናውቅም አለን። ቀጥሎ በዚህ ሙቀት ጃኬት ደርቦ ያለ ውሃ እንዲሮጥ ማን እንደመከረው ጠየቀው።

እኔ ከእግርጌው ቆሜያለሁ። ወንድሜ አንዴ አየኝ።

«ማንም። በራሴ ነው» አለ።

ሐኪሙ የተባለውን መዝገቡ ላይ ጻፈ። አፌን ከፍቼ እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ።