ከድጄ ራሷን ስትለካ

ቡታጅራ ውስጥ የሰውን ገላ እንደ ልብስ ሰፊዋ ከድጄ የሚያውቅ የለም። ማጋነኔ አይደለም። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ እሷ የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ማለቱን አይታ ጨርሳለች። ሙሽራ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ስትለካ፣ «ተንፍሺ እህቴ፣ በሠርግሽ ቀን ምሳ አትበይም እንዴ?» ትላታለች። እኔ ተናኘወርቅ ነኝ፤ ከጎኗ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ እሸጣለሁ። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምለው ከዚህ ማዶ ሆኜ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀቷ ታዲያ ለሰው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የከድጄ ግን ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን ገላዋ በሞላ ነበር ባዳ የሆነባት።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት የጭንቅ ሰሞን፣ ቀኝ እጇ ይደነዝዝ ጀመር። መቀስ ይወድቅባታል። አንድ ቀን የሰው አባያ አበላሽታ ቆረጠችና ጨርቁን ከኪሷ ተካች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» ትለኛለች። አይ ደህና! መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት እኔ ዘንድ እየላከች እያስገባሁላት!

የባሏ ታላቅ ወንድም ሀጂ ዑመይር ነገሩን ሰሙ። ባሏ ሙከሚል አዲስ አበባ ነው የሚነግደው፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል፣ ታላቁ ካሉት ደግሞ ውልፍት አይልም። ሱቁ ከአባታቸው የቀረ የቤተሰብ ነው። የስፌት መኪናው፣ ደንበኛውና ድካሙ ግን የከድጄ ነው። ሀጂ ከዙህር ሶላት በኋላ እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ቀስ ብለው ይጀምራሉ።

«ልጄ፣ እጅሽ እምቢ ካለ ምን ያታግልሻል? ሱቁን ለእህቴ ልጅ ለሰይዶ እንስጠው፣ ሞባይል ይሽጥበት። አንቺ ገጠር እናታችን ዘንድ ግቢና እረፊ።»

«እሺ ሀጂ» ትላለች ከድጄ፣ ሻይ እየቀዳችላቸው።

እኔ ከቆርቆሮው ማዶ ምላሴን እነክሳለሁ። ምኑን ነው እሺ የምትለው? ያለ ስፌት መኪናዋ ይህች ሴት ምን ልትሆን ነው? በሠላሳ ዓመቷ ጡረታ!

ጎትቼ ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። ኤክስሬይ ተነሳች፣ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኳት። እዚያ ያለችው ፍቅርአዲስ የምትባል የወልቂጤ ልጅ ናት፤ አንገቷንና ትከሻዋን አሻሽታ፣ ቤት የምትሠራውን እንቅስቃሴ አሳየቻትና እንዲህ አለቻት፦ «ሰውነትሽ ሲወጠር አታውቂውም። ደብተር ግዢ። ሱቅ ከመዝጋትሽ በፊት ቁጭ በይና የተሰማሽን ጻፊ።»

«መድኃኒት ፈልጌ ብሄድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ!» ብላ ተናዳ ተመለሰች።

ቢሆንም ጻፈች። የመጀመሪያ ሰሞን የጻፈችውን አሳየችኝ፦ «ዛሬ አመመኝ። ዛሬም አመመኝ። ዛሬ ደህና።»

«አንቺ፣ ይሄ ማስታወሻ ነው ወይስ የመብራት ፈረቃ?» አልኳት።

ፍቅርአዲስም እንደኔ አልወደደችውም። «አመመኝ ብቻ አትበይኝ። የት? እንዴት? ያኔ ምን እያደረግሽ ነበር?» ብላ መለሰቻት። ከድጄ ግራ ገባት። ስለ ራስ እንዲህ ማውራት ነውር ሆኖባት እኮ ነው። እኛ አገር ሴት ልጅ ስለ ገላዋ የምታወራው ወይ ስትወልድ ነው ወይ አልጋ ስትይዝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ደበደበችው። «ተናኜ! ነይማ፣ ስሚኝ።» ሄድኩ። ደብተሩን ከፍታ አነበበችልኝ፦ «ደንበኛዋ ቀኝ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላለች። ጥርሷን ነክሳለች። ትንፋሿ አጭር ነው። እንዲህ ሆና ብትለካ ቀሚሱ አይሆናትም።»

«ውይ ምስኪን! የማን ልጅ ናት?» አልኩ።

«እኔ ነኛ!»

በሳቅ ፈረስን። ዚፕ ሊገዛ የመጣው ሰው ጤናችንን ተጠራጥሮ ሄደ። ለካ መንገዱ ይሄ ኖሯል! ስለ ከድጄ መጻፍ ያሳፍራታል፤ ስለ ደንበኛ መጻፍ ግን እንጀራዋ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። «ደንበኛዋ ዚፕ ስትተክል ትንፋሿን ትይዛለች። ለምን? ዚፕ በትንፋሽ አይገባም።» «ደንበኛዋ ወንበሩ ዝቅ ስላለባት በአንገቷ ነው የምትሰፋው።» ወንበሩ ላይ ትራስ ደረበችበት፣ መኪናውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምሳ በላሁ። አልለቀቀኝም። ስለዚህ ረሃብ አይደለም።» እኛ ፍርሃቱንም፣ ሐዘኑንም፣ ቂሙንም ሆዳችን ላይ እንጭንና በኋላ ጨጓራዬን እንላለን። «ደንበኛዋ» ማለቱን መቼ ትታ «ሆዴን» ማለት እንደጀመረች እሷም አላስተዋለችውም።

እጇ እየተሻለው ሄደ። ዩኒፎርሙን ሰፍታ ጨረሰች። ነገር ግን አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ድንዛዜው ድንገት ይመለስባታል፤ ያውም ሥራ በሌለበት! እሷም እንደ ልማዷ የተሰፋውን ገልብጣ እንደምታየው ደብተሩን ወደ ኋላ እየገለበጠች ታየው ጀመር።

«ተናኜ፣ እዚህ ጋ ስሚ። ‹ሀጂ መጡ። ሻይ ቀዳሁ። እሺ አልኩ። እጄ ደነዘዘ።› እዚህም፦ ‹ሀጂ ስለ ሰይዶ አነሱ። እሺ አልኩ። መንጋጋዬ ታሰረ፣ መቀሱ ወደቀ።› ወላሂ፣ ሳልፈልግ እሺ ስል ነው እኮ!»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን በከድጄ ትከሻ ላይ ነቅዞ አየሁት።

«እንግዲያው ንገሪያቸዋ!» አልኩ። እኔ መቼም ነገር ሲገባኝ አላድርም።

«እንዴት ብዬ? ኒካሄ ሲታሰር ከፊት የቆሙልኝ እሳቸው፣ ልጄ ስትወለድ ጆሮዋ ላይ አዛን ያሉላት እሳቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ምን ቸገረኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችው።

በገበያ ቀን ሀጂ ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ። እያለከለኩ ነበር። አግዳሚው ላይ ሳይደላደሉ «ጨርሰናል ልጄ፣ ሰይዶ ሰኞ መደርደሪያውን ያመጣል» አሉ። እኔ ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። በበሯ ብቅ ብዬ ከድጄን አየኋት። ትከሻዋ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። እሷም ሲሄድ አወቀችው። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በረዥሙ ተነፈሰች፣ ትከሻዋ ወረደ።

«አይሆንም፣ ሀጂ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሱቄን አልለቅም። እጄ ድኗል። አሁን የሚደነዝዘው እርስዎ ስለ ሱቁ ሲያነሱብኝ ነው።»

ሀጂ ደነገጡ። «እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ?»

«እርስዎ አይደሉም። እሺ ማለቴ ነው ያሳመመኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «እኔ የቸኮልኩት» አሉ፣ «ነገሩን መስመር ሳላስይዝ አላህ እንዳይወስደኝ ብዬ ነው። ዳገት ስወጣ እዚህ ጋ ይጫነኛል። ለሰው አልተናገርኩም።»

ከድጄ ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «የት ጋ ነው? እንዴት አድርጎ ነው የሚይዝዎት? ሲያርፉ ይለቅዎታል?»

«ድሮ ይለቀኝ ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ክንዴም ይከብደኛል።»

ከዚህ በኋላ ማን ደብተር ያያል! «ተናኜ፣ ባጃጅ!» ብላ ጮኸች። ክር ሊገዛ የቆመውን ሰው ገፍትሬ ሮጬ አስቆምኩ። ደግፋ አሳፈረቻቸው፣ ከጎናቸው ተቀመጠች፣ ሁለቱንም ሱቅ ለእኔ ጥላ ሄደች። በእመብርሃን፣ ያን ዕለት የገባውን የወጣውን ደንበኛ አላስታውስም፤ በቅጡ ሳላውቃቸው ለኖርኩት ሰውዬ አምላኬን እየለመንኩ ዋልኩ።

የልብ ሕመም ነበር። ወዲያው ኦክሲጅን ተደረገላቸው፣ መርፌ ተወጉ፣ ከዚያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ። ተርፈዋል፤ ዛሬም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ከድጄ ስትመለስ የነገረችኝ ግን ስለ መርፌው አልነበረም። ሐኪሙ ሕመማቸውን እየጠየቀ ሲጽፍ፣ የሚረሱትን እሷ እያስታወሰች ትነግርላቸው ነበር። «ይህች ማን ናት?» አላቸው ሐኪሙ።

«ልጄ ናት» አሉት ሀጂ። «ልብስ ሰፊ ናት። ቡታጅራ ገበያ የራሷ ሱቅ አላት።»