የፍልሰታ ዕለት ተረኛ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተጨብጭቦልኛል፤ ጭብጨባውም የኔ አልነበረም። ነገሩን ላወራው በጀመርኩ ቁጥር ሚስቴ «ደግሞ ሊጀምረው ነው» ብላ ትነሳለች። አልፈርድባትም፤ ሰልችቷታል። ዛሬ ግን በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ይጥቀመኝ ብዬ ልጽፈው ስለሆነ ተነስቶ የሚሄድብኝ የለም።

መንደራችን ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ የአምባሰል ተራራ ተዳፍቶ ሜዳው በሚጀምርበት ጥግ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ የምንፈራው በራሳችን ላይ የሚዘንበውን ዝናብ አይደለም። የምንፈራው የላዩን ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ልብስ ተሰጥቶ ሳለ ተራራው ላይ ይዘንብና ደራሹ ድንጋይ እያንከባለለ ድንገት ይመጣል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ ባሰበት። ተራራው ተላጭቶ ስለነበር ውሃውን ለአፍታ እንኳ የሚይዝ ቁጥቋጦ አልቀረለትም።

ገበሬ ማኅበሩ ከአውራጃ በመጣ መመሪያ ተራራውን ከለለው። ከብት እንዳይገባበት ተከለከለ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ወገቡ ላይ እርከን ተሠራ። ከመንደሩ በላይ ደግሞ ደራሹን ተቀብሎ ወደ ወንዙ የሚመልስ ረጅም የመቀልበሻ ቦይ ቆፈርን። የምንቆፍረው ለእርዳታ ስንዴና ዘይት ነበር። ቀን ስንቆፍር እናማርራለን፤ ማታ ስንዴው ሲቆላ ማማረሩን እንረሳዋለን። ቦዩ መልካም ቦይ ወጣው። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ ነበረው፤ አፉ ይታነቃል። ደራሹ ይዞት የሚመጣው ግንድና እሾህ አፉ ላይ ከተሰነቀረ ውሃው በላዩ ዘሎ ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ አንድ አባወራ አካፋና ገጀራ ይዞ እዚያ እንዲውል ተወሰነ። ተረኛ እንለው ነበር። ተረኛ ውሃ ከመጣ እስኪጎድል ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይሄድም፤ ደንቡ እንዲህ ነበር።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች የማያውቁት ሌላ ደንብ ደግሞ ነበረን። የኛ መንደር ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። የክርስቲያኑ ተራ በክርስቲያን በዓል ላይ ከዋለ ሙስሊም ጎረቤቱ ይተካለታል፤ የሙስሊሙም በእስልምና በዓል ከዋለ ክርስቲያኑ ይሄድለታል። የተተካለት ሰው በፈንታው የተኪውን ቤትና ከብት እያየ ይውላል። ስብሰባ አልተጠራበትም፣ ማንም አልወሰነውም፣ እንዲያው ሆኖ ተገኘ። ለባለሥልጣን ግን አይነገርም። በዚያን ዘመን በዓል ማክበር ሥራ መፍታት ነበር፤ ሥራ መፍታት ደግሞ ልማት ማደናቀፍ ነው። ሊቀ መንበራችን ራሱ በጥምቀተ ባሕር እየጨፈረ፣ እኛን ሰብስቦ ግን «በዓል አታብዙ» ይል ነበር፤ በክረምቱም ለቡሄ ተተክቶለታል።

ለኔ የሚተካልኝ ጎረቤቴ ነበር። ከጎረቤትም አልፎ መቀናጆዬ ነው። ድርቁ ለሁለታችንም አንድ በሬ እንኳ አላስቀረልንም ነበር። ኋላ እኔ ተበድሬ፣ እሱ የሚስቱን የብር ድሪ ሸጦ፣ አንድ አንድ ገዛን። የኔው ቀይ ነው፣ የሱ ዳልቻ። ሁለቱን ጠምደን አንድ ቀን የኔን መሬት፣ አንድ ቀን የሱን እናርሳለን። ባለ አንድ በሬ ሰው ያለ መቀናጆ ገበሬ አይባልም። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ ቀልደኛ ሰው ነው፣ ከአፉ ደግሞ «ወላሂ» አይጠፋም። ቁርሱን መብላቱን እንኳ «ወላሂ በልቻለሁ» ብሎ ነው የሚነግርህ።

በዚያ ዓመት አረፋ ከፍልሰታ ጥቂት ቀን ቀድሞ ዋለ። የአረፋ ዕለት ተራው የሱ ስለነበር እኔ ሄድኩለት። ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከቀትር በኋላ ተራራው ላይ ደመና ጠቆረ። ወደ መንደሩ ቁልቁል ሳይ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው እየሮጠ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እሱ ነበር። እንግዶቹን ከነምግባቸው ትቶ፣ አዲሱን ጀለቢያ ሰብስቦ፣ የኔን ቀይ በሬና የራሱን ዳልቻ ከወንዙ ዳር ፈትቶ ወደ ደጁ አወጣቸው። ደመናው ባዶውን አለፈ። ማታ ሳገኘው ጀለቢያው በጭቃ ተበላሽቶ ሚስቱ ትቆጣው ነበር። «ወላሂ ይቺ ሴት ከደራሽ ትብሳለች» አለኝ። እየሳቅን ተለያየን።

ከብቶቻችንን ወንዝ ዳር የምናስረው ወደን አልነበረም። ተራራው ከተከለለ ወዲህ ደህና ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ቦዩም ደራሹን የሚመልሰው ወደዚያው ነው። ደመና ሲታይ ፈትቶ ማውጣት ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

የፍልሰታ ዕለት ተራው የኔ ሆነ። ጾም የተፈታበት ቀን ነው። ጎረቤቴ ጠዋት አካፋዬን ሊወስድ መጣና «ሂድ ብላ፣ አጥንትህ ወጥቷል» አለኝ። የኛን ሥጋ ስለማይበላ ሚስቴ ዳቦና እርጎ ቋጠረችለት። የሱ ሚስት አራስ ነበረች፣ ከቤት አትወጣም። ዳልቻውን ወንዙ ዳር እንዳሰረው ነገረኝ። ነግሮኛል፤ አልሰማሁም የምልበት መንገድ የለኝም።

እኛ ቤት ዶሮውም ጠላውም ተርፎ ነበር። እህቶቼ ከነባሎቻቸው ከውጫሌ መጥተዋል። ቀዩ በሬ ያን ቀን ደጄ ላይ ነበር፤ የራሴን ጠዋቱኑ አላወጣሁትም። ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ሰማሁ። «የሰው በሬ አለብኝ» ብዬ ብድግ አልኩ። ከአማቾቼ አንዱ ክንዴን ይዞ «በሞቴ! ጉርሻዬን ጥለህ? ሩቅ እኮ ነው የሚያጉረመርመው» አለ። ጎረስኩለት፤ ተቀመጥኩም። ለመቀመጥ ብዙ አልተለመንኩም። ጠላው ጥሞኛል፣ የወንዙ ቁልቁለት ጭቃ ነው፣ ደመናውም እንደ አረፋው ቀን ባዶውን የሚያልፍ መስሎኛል። ሁለተኛ ሲያጉረመርም «ይቺን ልጨርስና» አልኩ። ቀጥሎ የሰማሁት ነጎድጓድ አልነበረም፤ የደራሹ የድንጋይ ድምፅ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ያን ጊዜ ሮጥኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ሣሩም የለም፣ ችካሉም የለም፣ ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ወደ ቦዩ አፍ አየሁ። ጎረቤቴ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ቆሞ የተሰነቀረ ግንድ በገጀራ ይቆርጣል። ውሃው መንደሩ ላይ እንዳይወርድ በገዛ እጁ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል፤ በሬው የታሰረውም እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ከዚያ ሆኖ ሁሉም ይታያል። በአረፋ ዕለት እኔ እሱን እንዳየሁት፣ እሱም የኔን መምጣት እየጠበቀ መንገዱን ሲያይ ነበር። ከቦዩ በታች ያሉ ሰዎች ኋላ እንደነገሩኝ ደጋግሞ በስሜ ተጣርቷል። እኛ ቤት እስክስታ ስለነበር አልሰማነውም። ትቶ ቢሮጥ ዳልቻው ይተርፍ ነበር፤ ቤቶቹ ግን ይሄዳሉ። አልሄደም።

በሬውን በማግስቱ ወንዙ በሚገባበት ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ አገኘነው። ገመዱ ከነችካሉ አንገቱ ላይ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ገመዱን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ጠቅልሎ ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ የአውራጃው ኃላፊ ከግብርና ሠራተኛው ጋር ከሐይቅ መጣና ስብሰባ ተጠራ። በዚያው ዝናብ በሌሎች ቀበሌዎች ቤት ተወስዷል፤ እኛ ዘንድ አንድም አልተነካም። ኃላፊው በመጀመሪያ በዓል እየቆጠሩ ሥራ የሚፈቱትን አወገዘ። የዘብ ተራውን በበዓል ሰበብ የሚያዛባ ማኅበር ቢገኝ ሊቀ መንበሩ እንደሚታሰር አስጠነቀቀ። ከዚያ ፊቱን ፈታ አድርጎ የኛ መንደር ለአውራጃው ምሳሌ ነው አለ። «የዚያን ቀን ተረኛ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩ መሬት መሬቱን እያየ የኔን ስም ጠራ። ተነሳሁ። ተጨበጨበልኝ። ጎረቤቴም ከኋላዬ ያጨበጭብ ነበር፤ መዳፉን እሾህ ስለበላው በጨርቅ ጠቅልሎታል። ዞር ብዬ አይቼው መልሼ ወደ ፊት ዞርኩ።

ቀጥሎ ኃላፊው ንብረት የጠፋበት ካለ ጠየቀ። ሐይቅ ላይ የእርዳታ በሬዎች አሉ አለ፤ በልማት ሥራ ላይ ሳለ በሬው ለሞተበት ገበሬ ይተካለታል። ልቤ ዘለለች። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቦዩ አፍ ላይ የነበረው እሱ ነው ብሎ መናገር። «ጓድ» ብዬ ልጀምር ስል ጎረቤቴ ጋቢዬን ከኋላ ጎተተኝ።

«ተቀመጥ አንት ሰው» አለኝ በሹክሹክታ። «ሊቀ መንበሩን ልታሳስረው ነው? የሁላችንንም ዒድ፣ የሁላችንንም ፍልሰታ ልታስቀር ነው?»

እሱ ራሱ ተነሳ። «የሞተው በሬ የኔ ነው፣ ጓድ። ቤቴ ነበርኩ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።»

ወላሂ ሳይል ቁርሱን የማያወራ ሰው ያን ቀን አልማለም። ኃላፊው ገሰጸው፤ ቸልተኛ አለው፤ መንደር ከጎርፍ ሲታገል የተኛ ሰው በሬ አይገባውም አለ። ወደኔ እየጠቆመም «ከዚህ ከጎረቤትህ ተማር» አለው። እሱ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጓድ» ብሎ ቁጭ አለ። እኔም ቁጭ አልኩ። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። ልክ አደረገ፣ መንደሩን አዳነ የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱ ግን ነጎድጓድ እየሰሙ ጠላ አልጠጡም።

በማግስቱ ቀዩን በሬ እየነዳሁ ደጁ ሄድኩ። «ውሰደው» አልኩት።

«አንተስ? ከሰው በሬ ጎን አንተ ልትጠመድ? ወላሂ ትለግማለህ» ብሎ ሳቀ።

አልሳቅሁም። ነጎድጓዱን መስማቴን ነገርኩት። ሰምቼ፣ ተነስቼ፣ መልሼ መቀመጤን ነገርኩት።

«አብሽር» አለኝ። «አላህ የጻፈው ነው። ግባ፣ ሕፃኗን እያት።»

ተናደድኩ። ሰው ይቅር ሲባል ይናደዳል እንዴ? እኔ ተናደድኩ። ቢሰድበኝ፣ ሚስቱ ፊቷን ብታጠቁርብኝ፣ አንድ ቀን እንኳ «አንተ ሆዳም» ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። እነሱ ግን ገብቼ ስቀመጥ የበጉን ለምድ አነጠፉልኝ። ሕፃኗን ታቀፍኩ፤ ምን ላደርግ እችላለሁ?

ቀዩን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጀሁት። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ በአዋጅ ቢከለከልም ሁሉም ያደርገው ነበር። እሱም ለኔ ሰጠኝ። «ከባዳ አንተ ትሻለኛለህ» አለ። እንግዲህ በሬውን ያስበላሁበት እኔ፣ መሬቱን አርሼ ግማሹን ምርት ወደ ጎተራዬ አስገባሁ። በክፍፍሉ ላይ ለሱ ጨምሬ ልሰፍር ስል እጄን ይይዘኛል። ራሱ ተራራው ላይ እርከን እየካበ በእርዳታ ስንዴ ያድር ጀመር። ውሎ አድሮ ደረቱን አመመው። ሐይቅ ጤና ጣቢያ ድረስ በቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ክረምት አላየም።

በኛ አገር ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ ቀብር አይቀርም፤ ጉድጓዱንም አብሮ ይቆፍራል። ቆፍረን ስንጨርስ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ ከሬሳው አጠገብ ቆሙ። «ከዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ ወንድሞቹ ይከፍላሉ። የሌለውም አፉ ይበለው» አሉ። የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይሄድ ነው፤ ሕዝቡ ይቅር ይለዋል።

«አፉ ብለናል» አለ ሰው ሁሉ።

እኔ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እኔ ነኝ ያለብኝ፤ የኔን ማን አፉ ይበለኝ? ይህ ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ዝምታዬን አይተው ቂም መሰላቸው። ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«መቀናጆው ነህ አሉኝ፣ ልጄ። በድሎህም ከሆነ ተወው። አፉ በለውና ይረፍ።»

ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ። ሬሳው እኔን እየጠበቀ ነበር።

«አፉ ብየዋለሁ» አልኩ።