አያቴ ከእመቤታችን ጋር የተኳረፉበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ከጥርባ ወዲህ ባለው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩኝ የአባቴ አባት ነበሩ። አያቴ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ምድጃው ዳር ሲቀመጡ ግን ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ በአዊኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፣ እኔም የቱ ላይ እንደተሻገሩ አላውቅም ነበር። የሚበዛው የቅዱሳን ነገር ነው። እመቤታችንንማ እዚያ ማዶ እንደምትኖር ጎረቤት ነበር የሚያወሯት።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ሞተ፤ ያ ሁሉ ቀረ። አያቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ፣ የሚነግሩኝም የጅብና የአህያ ተረት ብቻ ሆነ። ቄሱ ሊመክሯቸው ቢመጡ «እኔ እኮ ለምኛት ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አባቴ ሲሞት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ምጡ የመጣባት በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ አላባራ ባለ ሰሞን ነው። ጠዋት የጀመራት እስኪመሽ አልለቀቃትም። እኔን አስወጥተው አያቴ ጎጆ አስቀመጡኝ። የእርጥብ እንጨት ጢስ ዓይኔን ይለበልበኛል፣ ኩራዙ በነፋስ ይርገበገባል፣ ከደጅ ደግሞ ቢላዋ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ይሰማል። አዋላጇ እትዬ አንጓች «ካቃተኝ ዳንግላ ሐኪም ቤት ትወሰድ» ስላለች ጎረቤቶቻችን ቃሬዛ እየሠሩ ነበር። ወንዙ ግን ሞልቷል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። አባቴ የወጣውም በእንዲህ ያለ ቃሬዛ ነበር።

ከእናቴ ጎጆ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ ደጅ ያሉት ወንዶችም ይቀበሏቸዋል። አያቴ ብቻ ስሟን አልጠሩም። ይልቅስ የእናቴ ጩኸት እንዳይሰማኝ የጅቡን ተረት ጮክ ብለው ያዙ። ጅቡ ምን እንዳለ፣ አህያዋ ምን እንደመለሰች አንድም አልገባኝም። ያኔ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

«አባባ፣ ጅቡን ይተዉት። የእመቤታችንን ስደት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፍሙን ቆሰቆሱ። ከዚያ ጀመሩ። እሷ ሕፃኑን አዝላ፣ አረጋዊው ዮሴፍ ስንቁን ተሸክሞ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ፤ ግብፅ የሚሄዱ ሳይሆን በኛ ደጅ የሚያልፉ ነበር የሚመስለኝ። ዮሴፍ ደክሞት መንገድ ዳር ተቀመጠ አሉ። «ሽማግሌ ነው። አገሩን አያውቀው። እናትና ልጅ እጁ ላይ ናቸው። ምን ያድርግ…»

ድምፃቸው ተቆረጠ። የእናቴም ጩኸት አብሮ ቆሟል። ደጅ ያለው ቢላዋ ጸጥ አለ። ሁላችንም እልልታ ጠበቅን፤ እልልታው አልመጣም።

እትዬ አንጓች በሩ ላይ ቆማ «እናትየዋ ተርፋለች» አለች። ስለ ልጁ አላነሣችም።

አያቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። በኛ አገር አራስ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ገና ሲገባ የሚለው ቃል አለ፤ እቅፏ ባዶ ለሆነ ሴት ግን ማን ደፍሮ ይበላት? እንዳያስከፏት ፈርተው ሁሉም ዋጡት።

አያቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። 

«ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። «አሜን» ልትል አፏን ከፈተች፣ ለቅሶ ቀደማት። ሴቶቹም ያኔ አንድ ባንድ እየተነሡ እየሳሟት ያንኑ አሏት።

ከዚያ ወዲህ ዳንግላ ተዳርኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ልጆቼ በየአገሩ ተበተኑ። ቤቱ ባዶ በሆነ ቁጥር የሚመጣልኝ የቄሶቹ ስብከት አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ። የሚመጣልኝ የአያቴ ድምፅ ነው። የተደሰተ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የታረቀም አይመስልም። ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረው፣ ቅሬታቸውን ሳይተዉ የእመቤታችንን ስም ጠሩ። እኔም በሚከፋኝ ቀን የምጸልየው እንዲያው ነው፤ እያኮረፍኩ።