የአሸዋው ጆንያና ቀኝ እጄ

በክሊኒክ ካርዴ ላይ «ታማሚዋ የተሰጣትን መመሪያ ባለማክበሯ የራሷን እጅ ሰበረች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እውነት አይደለም። መሠረተ ትምህርት ፊደል ስላስቆጠረኝ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አንብቤዋለሁ። ይህን የምጽፈው ያ ቃል በእኔ ላይ እንዳይቀር ነው። ደግሞም እጁ የሰነፈበት ሰው እኔ ባለፍኩበት እንዳያልፍ ነው።

ጂንካ ገበያ በቆሎና ማሽላ በጣሳ እየሰፈርኩ እሸጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአልዱባ ለመጣች ሴት ጣሳውን ሞልቼ ልገለብጥላት ስል ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት። እንደገና ወደቀ። ሴትየዋ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል አፌ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ቀኝ እግሬ ከዳኝ። ማሽላው ላይ ተቀመጥኩ። መናገር አልቻልኩም።

ገበያተኛው «ምች ነው፣ ዳማከሴ እሹላት» አለ። ልጄ ወርቅነሽ ግን አሸክማ ክሊኒክ አደረሰችኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያሥረውና መርፌ የሚወጋው፣ የደም ግፊቴን ለካ። ደግሞ ለካ። «ስትሮክ ነው» አለ።

ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሰው አጎረሰኝ። ሰው አጠበኝ። ከሕመሙ ይልቅ መጠበቁ አደከመኝ።

በሁለተኛው ወር ንግግሬ ተመለሰ፣ በከዘራም መሄድ ጀመርኩ። እጄ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ድሬሰሩ ቀድሞ ወታደር የነበረና በጦር ሰፈር ቡጢ ይጋጠም የነበረ ሰው ነው።

«እማማ፣ ይህ እጅ ሥራ ይፈልጋል» አለኝ። «ቤትዎ የቡጢ ከረጢት ይስቀሉ። ጆንያ ላይ አሸዋ ሞልተው በየቀኑ ይምቱት።»

«አሸዋ?» አልኩት።

«አዎ፣ አሸዋ። እኛም የሠለጠንነው በእሱ ነው።»

ወርቅነሽ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች።

ከነሪ ወንዝ አሸዋ አስመጣሁ። እዚህ ላይ የእኔ ጥፋት ይገባል፤ አልሸሽገውም። እህል ነጋዴ ጆንያ የሚሞላው እየነቀነቀና እየጠቀጠቀ ነው። ያልተጠቀጠቀ ጆንያ መሸጥ ሌብነት ነው። ሌላ አሞላል አላውቅምና ወርቅነሽን «ነቅንቂው፣ ገና ነው፣ አሁንም ቦታ አለው» እያልኩ አስሞላኋት። አራት ጎረምሶች ተሸክመው ጓሮ ካለው አቮካዶ ዛፍ ላይ በቃጫ ገመድ ሰቀሉልኝ።

«እማማ፣ ከማን ጋር ሊገጥሙ ነው?» አለኝ አንደኛው።

«ጣሳ አጉድሎ ከሚሰፍር ጋር።»

«እንግዲያ ገበያው በሙሉ ይዘረራላ!»

ሁለት ሳምንት ቀስ እያልኩ መታሁት። ክንዴ መነሣት ጀመረ። ጣቶቼ ከዘራ ጨበጡ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። አሸዋው ውሃውን ጠጣ። ሲያባራ ወጣሁ። ጉልበት ተሰምቶኝ ነበር። መታሁት። ድንጋይ ነበር። አንጓዬ ቋ አለ። አየሁት፤ ጠሟል። ተቀመጥኩ።

ድሬሰሩ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። «ፍራክቸር ነው፣ አጥንቱ ተሰብሯል» አለ። ከዚያ «ማን ነው አሸዋ ሙዪ ያለሽ?» አለኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚለኝ።

«አንተ» አልኩት።

ጄሶ አሰረልኝና ካርዱ ላይ ያንን ጻፈ።

ጄሶው ሲፈታ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ትልቅ ሆስፒታል የሰነፈ እጅ የሚያላምዱበት ፊዚዮቴራፒ እንዳለ ሰምቼ ሪፈር እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት አነበበችና «መመሪያ ለማይቀበል ሰው ሪፈር አይጻፍም፤ ወረፋው ለሌላ ይድረስ» አለችኝ። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ደከመኝ።

ያነሣኝ ጎረቤቴ አቶ አንጁሎ ነው። ከወላይታ መጥቶ ፍራሽ እየሰፋ የሚኖር ሰው ነው። ጓሮዬ ገብቶ ጆንያውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገውና «እማማ፣ ይሄ ከረጢት አይደለም፣ ግድግዳ ነው። በግድግዳ ላይ ቂም ያለው ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚመታ» አለኝ። ከታመምኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። አሸዋውን ደፍቶ በምትኩ የጨርቅ ቁርጥራጭና የደረቀ ገለባ ሞላበት። ገለባውን ከመሙላቱ በፊት ግን ደጋግሞ አበጠረው፤ ፍሬ ከቀረበት አይጥ ይበሳዋል፣ ሲረጥብም ይበቅላል። እኔ «ጠቅጥቀው» ስል እሱ «ይተዉት፣ ይተንፍስ» እያለ፣ አንድ ሙሉ ጠዋት ስንጨቃጨቅ ቆይተን በመጨረሻ በእሱ ሐሳብ ጸናን።

እንግዲህ እንደ እኔ ላለ ሰው የምለው ይህ ነው። ማዳበሪያ ጆንያ አትምረጡ፤ ያንሸራትታል፣ ቆዳም ይልጣል። የቃጫ ጆንያ ያዙና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት። በጡጫ ስትጫኑት እንደ ሊጥ ገባ ይበል፤ ካልገባ እጃችሁ ነው የሚገባው። ከጣሪያ በታች፣ ዝናብ በማይደርስበት ስቀሉት፣ መሐሉም ከደረታችሁ ትይዩ ይሁን። አንጓችሁን በጨርቅ ጠቅልሉ። ከሁሉ በፊት ግን ደም ግፊታችሁን አስለኩ፣ ክኒናችሁንም ዋጡ፤ ከረጢት መድኃኒት አይተካም። እኔ መጀመሪያ በቀን ሃያ ጊዜ ብቻ፣ በመዳፍ እንጂ በጡጫ አልነበረም የምመታው። እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉና፣ ከዝናቡ ወራት ወዲያ ጣሳ በሁለት እጄ፣ ቆይቶም በአንድ እጄ ማንሣት ቻልኩ። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ ቀጥ ብላ ቀርታለች። ያጠበችኝን ልጄን ወርቅነሽንና አንድ ሳንቲም አልቀበልም ያለኝን አንጁሎን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

እጄ ዳነ፣ ካርዱ ግን እንዳለ ነበር። ከእኔ በኋላ የሚመጣ በሽተኛም አሸዋ ሙላ ይባል ይሆናል፤ ሲሰበር ደግሞ ጥፋቱ የራስህ ነው ይባላል። አንድ ሐኪም ክሊኒኩን ሊጎበኝ በአውሮፕላን መምጣቱን በሰማሁ ጊዜ ካርዴን ይዤ ገባሁ። «ይህ ሐሰት ነው፤ ይታረም» አልኩት። ሐኪሙ አነበበ፣ ካርዱን መልሶ ሰጠኝና እጄን አገላብጦ አየ። «ስትሮክ ያሰነፈው እጅ አጥንቱም ይሳሳል። አሸዋ ፈጽሞ አይገባም ነበር» አለና ድሬሰሩን አስጠራው።

ድሬሰሩ በር ላይ ቆመ። ቀድሜ ተናገርኩ።

«ጠቅጥቄ ያስሞላሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ላይ ያሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ያንን ጻፍ። አሸዋ ያለኝ ማን እንደሆነም ጻፍ።»

ድሬሰሩ ሐኪሙን አየ። እኔን አየ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ካርዱን ከእጄ ተቀበለኝ።

«አሸዋ ይሙሉ ያልኩዎት እኔ ነኝ፣ እማማ። ያንን ስጽፍም አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው።»