ጋሼ ድምር በጆሯቸው ሲደምሩ

ልብስ ሰፊዋን ጨርቅ ስጧት እንጂ ወረቀት አታሳዩዋት። የደንበኛ ልኬት እንኳ የምትጽፈው እጇ በገባ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ያንን ሁሉ ደረሰኝ በፌስታል ጠቅጥቃ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል ትወጣለች። እዚያ የሒሳብ ባለሙያው አሉ፤ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ጋሼ ድምር ነው። «ይሄ ሒሳብ ነው ወይስ ጥራጊ?» ብለው ይቆጧታል፤ በሳምንቱ ግን የግብር ማስታወቂያዋ ጥንቅቅ ብሎ ይጠብቃታል። ቁጣቸውን ካልሰማች ግብሯን የከፈለች አይመስላትም።

ዘንድሮ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ጠርታ የነገረቻት ወሬ ልቧን ስንጥቅ አደረገው። ጋሼ ድምር በወሩ መጨረሻ ያቺን ክፍል ሊለቁ ነው። «ደከመኝ፣ ይበቃኛል» ብለዋል አሉ።

ኧረ ምን ደከመኝ! ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሰውዬው ከዚያች ክፍል ሌላ ምን አላቸው? ቤት ተቀምጠው ከግድግዳ ጋር ሊያወሩ ነው? ደክሟቸው ከሆነ፣ አለች ልብስ ሰፊዋ ለራሷ፣ ሥራውን አቅልዬላቸው እሄዳለሁ፤ ያኔ እምቢ ለማለት ያፍራሉ።

ዩኒፎርሟን ልታሳጥር የመጣች ነርስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር ስልኳ ላይ አሳየቻት። ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፣ እሱ ለይቶ ይደምርልሻል አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወዲያ መቀሱን ጥላ ፎቶ አንሺ ሆነች። እውነትም የጨርቁን ለብቻ፣ ልዩ ልዩውን ለብቻ፣ የመብራቱን ለብቻ ኩልል አድርጎ አወጣላት። ከሥር ደግሞ ረዘም ያለ ነገር ጽፎ ነበር፤ የትሕትና ንግግር መስሏት አለፈችው።

ባዶ እጇን ስትገባ ጋሼ ድምር ግራ ገባቸው።

«ፌስታልሽስ?»

«ዘንድሮ ስልኩ ደምሮልኛል፤ እርስዎ ማየት ብቻ ነው።»

ፊታቸው ጥቁር አለ። «ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣሽ? እሱው ይፈርምልሽ!»

«አፈር ስሆን ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ።»

ስልኩን ዘረጋችላቸው፤ አልተቀበሏትም። ወደ መስኮቱ ዞሩና «አንብቢልኝ» አሉ።

አነበበች። ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ ዚፕ። ጋሼ ድምር ዓይናቸውን ጨፍነው ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

«ልዩ ልዩ ወጪ» አለች፤ «ዘጠና ስምንት፣ ሰማንያ ሁለት፣ መቶ አሥር።»

«ቆዪ!» ጣታቸው ቆመ። «ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይሄ ዋጋ አይደለም። ይሄ ሰው ነው! ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ! አንቺ ልጅ፣ ደረሰኙን በጀርባው አንስተሽዋል!»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች። «ውይ! የዳቦ ቤቷ ባለቤት ቀሚስ ነው!»

«የሰው ዳሌ ከግብር ልታስቀንሺ?» ብለው ሳቁ፤ እሷም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያለፈችውን ጽሑፍ ስታነበውማ ስልኩ እቅጩን ተናግሮ ኖሯል፦ «እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የምን እንደሆኑ አልገባኝም፤ እባክዎ የሒሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ።»

«ከአንቺ እሱ ይሻላል» አሉ ጋሼ ድምር። «የማያውቀውን አላውቅም ይላል።»

ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «እኔ ግን አላልኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኔ ከከዳኝ ቆየ። አምና ሦስቱን ስምንት ብዬ የአንዱን ምስኪን ሒሳብ አበላሸሁ፤ ቅጣት አስበላሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ እፈራለሁ።»

ልታለቅስ ነበር፤ ግን ተቆጣች፤ ቁጣን ከማን ተማረችና!

«እኔስ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃተኝ ስንት ጊዜዬ! ክር ማስገቢያዋን ገዛሁ እንጂ የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ? አሁን ስህተቱን በዓይንዎ ነው ያገኙት? በጆሮዎ ነው! ስልኩ ይደምር፣ እኛ ደንበኞችዎ እናንብብልዎ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ዛሬ እርስዎ ባይኖሩ እኔ የሰው ዳሌ ይዤ ግብር ቢሮ ልገባ ነበር እኮ!»

ጋሼ ድምር «ለአከራዩ ደውዪልኝ» አሏት። ቁጥሩን በቃላቸው ጠሩላት። ሰውዬው ሲያነሳ ስልኩን ተቀበሏት።

«ያቺን ክፍል ለሰው ሰጠሃት እንዴ?… በል አትስጥ። ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ሥራ ላይ ነኝ!»

ስልኩን መልሰውላት ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

«በይ ቀጥዪ» አሏት፤ «መብራቱን አላነበብሽልኝም።»