እትዬ ልጄን ያስተኙልኝ ቀን

ልጄ ነቅታ ሳለች እንደማንኛውም ልጅ ትተነፍሳለች። የምትረሳው ስትተኛ ነው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ፦ አንጎል ሥር ትንፋሽን የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ እነሱን ገና በማህፀን የሚቀርጸው ዘረመል እሷ ላይ ተበላሽቷል። እንቅልፍ ሲወስዳት «ተንፍሺ» ብሎ የሚያዛት የለም። ያለ ማሽን ለቅጽበት እንኳ መተኛት የለባትም። «ከእናንተ ያልመጣ፣ እሷ ላይ የጀመረ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ምን ዋጋ አለው! በምነግድበት ገበያ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ይሄ ከተሰማ፣ ከማን ወገን መጣ እየተባለ ሰባት ቤት ሊቆጠርብኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ቤትም ሱቅም መብራት ከጠዋት ጠፋ፤ የማሽኑም ባትሪ አለቀ። ልጄ የረፋድ እንቅልፏን ሳታገኝ አዝያት ሱቅ ሄድኩ። ዓይኗን ባሸች ቁጥር እየነካካሁ አቆየኋት። ከሰዓት በርበሬ የጫነ መኪና ደረሰ፤ ጆንያዎቹን ቆሜ ማስወረድ ነበረብኝ። ጎረቤቴ፣ ቅመም የሚሸጡት እትዬ፣ የበረንዳውን ልጅ ሁሉ አባብለው ያስተኙ ሴት ናቸው፤ በዚህም ይኮራሉ።

«እትዬ፣ አደራዎን እንዳትተኛብኝ፤ ማታ እምቢ ትለኛለች» ብዬ ዋሸሁ።

ስመለስ ጀርባቸው ላይ ነች።

«እሰይ! አንጀቴን በላችው፣ አስተኛሁልሽ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ነጠላውን ስገልጠው ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷ አይንቀሳቀስም። ጎትቼ አወረድኳት፤ እግሯን መታሁ፣ ጮህኩባት፣ በአፏ እፍ አልኩባት። «ገደልሽብኝ!» አልኳቸው፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት፣ አንቺ ብዬ። ሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ጥለው ቆሙ። ሳስታውሰው እስካሁን ይዘገንነኛል። ከዚያ ልጄ አየር ሳበች፤ አለቀሰች።

ወደ ሆስፒታል የሚወስደን ታክሲ እስኪመጣ፣ ልጄን እንደታቀፍኩ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ለፈለፍኩ፤ በሽታውንም፣ ማሽኑንም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ መፍራቴንም። ከማን ወገን ነው ያለ አንድም ሰው የለም። እትዬ «ምነው ልጄ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

አሁን ልጄ ሱቅ ስትመጣ እትዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያጨበጭቡላታል፤ ዓይኗ ከበድ ሲል በድንጋጤ ይጠሩኛል። እኔም ማሽኑን ይዤ እሮጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከማዶ ያለችው ሻጭ የሚያለቅስ ልጇን «እትዬ፣ እባክዎ አባብለው ያስተኙልኝ» ብላ አመጣችላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«እኔ ልጅ ማስተኛት ትቻለሁ» አሏት።